ርካሽ ነን፣ ኑልን!

ሐኪሜ «ደም ግፊትህ ከፍ ብሏል፤ ጠዋት ጠዋት ተራመድ» ካለኝ ወዲህ እንደ ወታደር ማለዳ እነሣለሁ። የምራመደው ከሰሚት ወደ ጎሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ዳሩን ነው። እዚያ መንገድ ላይ ላስቲክ ወጥራ ሻይና ፓስቲ የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች፤ እርምጃዬ የሚያልቀው እሷ ዘንድ ነው። (ሐኪሙ ስለ ፓስቲው ምንም አላለም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።)

ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ እዚያች ላስቲክ ሥር ብትቆሙ የምታዩት ነገር አለ። ወጣት ሴቶች በሁለት በሦስት ሆነው ከየሰፈሩ ብቅ ብቅ ይላሉ። ነጠላ የተከናነቡ፣ ሹራብ በሹራብ ላይ የደረቡ፣ የምሳ ዕቃቸውን በፌስታል ያንጠለጠሉ ናቸው። የሚጠብቁት ሰርቪስ ነው። ሰርቪሱ ቦሌ ለሚ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ያደርሳቸዋል። ቀኑን ሙሉ ሸሚዝና ሱሪ ሲሰፉ ይውሉና ሲመሽ በዚያው አውቶቡስ እያንቀላፉ ይመለሳሉ።

አንዷን አወራኋት። ከወሎ ከመጣች ሁለት ዓመት አልፏታል። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። ፓስቲዋን ለሁለት ገምሳ ግማሹን ለጓደኛዋ ሰጠች።

«ጋሼ፣ ጋዜጠኛ ነዎት እንዴ?»

«አይ ልጄ፣ እንዲያው የምጽፍ ሰው ነኝ። ለመሆኑ ደመወዝሽ ስንት ነው?»

ሳቀች። ዙሪያዋን ቃኘት አደረገችና ቁጥሩን ነገረችኝ። ወዲያው ግን፣ «ቁጥሩን እንዳይጽፉት አደራ። አገር ቤት ያሉት ከሰሙ ጉዴ ነው፤ ብዙ የማገኝ ነው የሚመስላቸው» አለችኝ።

ቃሌን ሰጥቻለሁና አልጽፈውም። ደግሞም የእሷን ቁጥር መጻፍ አያስፈልገኝም። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ሌላ ቁጥር አለ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በዚያው ሳምንት አንድ ወዳጄ ባጅ ፈልጎልኝ ቦሌ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ አዳራሽ ተገኘሁ። የኢንቨስትመንት መድረክ ነው። ምንጣፉ እግር ይውጣል። ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ከኛ ሹማምንት ጋር ካርድ ይለዋወጣሉ፤ በየጠረጴዛው ትንንሽ ባንዲራዎች ቆመዋል፤ ጥግ ላይ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል። በዚህ ቅሬታ የለኝም። ለእንግዳ ቡና ማፍላት ያደግንበት ነው።

መግቢያው ላይ የሚያምር ፎልደር ሰጡኝና ገለጥ ገለጥ አደረግሁት። ካርታ አለ። የአየር ጠባያችን ለኑሮ የተመቸ መሆኑ ተጽፏል። አውሮፕላናችን ከቦሌ ተነሥቶ ዓለምን እንደሚያዳርስ፣ ኤሌክትሪካችን ርካሽ እንደሆነ፣ የገቢ ግብር ለዓመታት እንደማይጠየቅ፣ ማሽን ያለ ቀረጥ እንደሚገባ ተዘርዝሯል። ቀጥሎ በስፌት መኪና ላይ ያጎነበሰች፣ ፈገግ ያለች ልጅ ፎቶግራፍ አለ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ብዛት ያለው፣ ወጣት፣ በቀላሉ የሚሠለጥንና እጅግ ተወዳዳሪ በሆነ ዋጋ የሚገኝ የሰው ኃይል» ይላል።

«ተወዳዳሪ ዋጋ» ክራባት ያሰረ ቃል ነው። ክራባቱን ሲያወልቅ «ርካሽ» ይባላል።

መርካቶ ሰልባጅ የሚሸጠው ልጅ ክምሩ ላይ ቆሞ «ረከሰ! ረከሰ!» እያለ ሲጮህ ቢያንስ የሚያረክሰው የራሱን ዕቃ ነው። ሲከስርም የሚከስረው እሱ ነው። እኛ በየኤምባሲው «ረከሰ!» እያልን የምንጮኸው ግን በሰው ጉልበት ነው። ያቺ ጎሮ ላይ ፓስቲ ለሁለት የምትገምስ ልጅ እንዲህ ተብላ መጠራቷን ማንም አልነገራትም። ፎቶግራፏን ያነሣት ሰውዬ ምናልባት «ፈገግ በይ» ብሏት ይሆናል።

ነገሬ በቅጡ እንዲገባችሁ የምደግፈውን አስቀድሜ ልናገር። ኤምባሲ የገና ድግስ ማዘጋጃና ፓስፖርት ማደሻ ብቻ መሆኑ ሲያንገበግበን የኖርን ሰዎች ነን። ስለዚህ በ1995 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይና የብሔራዊ ደኅንነት ፖሊሲና ስትራቴጂ ወጥቶ የዲፕሎማሲያችን ዋና ሥራ ኢኮኖሚ ነው ሲል አጨብጭበናል። የኢንቨስትመንት መሥሪያ ቤቱም ቢሆን በ1984 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ስሙን እየቀያየረ፣ ጽሕፈት ቤት፣ ባለሥልጣን፣ ኤጀንሲ እየተባለ ቆይቶ በ2006 ዓ.ም. ኮሚሽን ሆኗል። ባለሀብቱ ከቢሮ ቢሮ እንዳይንከራተት «አንድ መስኮት» ተብሎ የተጀመረው አገልግሎትም በጎ ሐሳብ ነው። (ከአንዱ መስኮት በስተኋላ ያሉት በሮች ብዛት ለጊዜው ይቆየን።) የውጭ ገንዘብና ዕውቀት ያስፈልገናል። ይህን የሚክድ ሰው ዶላር ፍለጋ ባንክ ደጅ ቆሞ አያውቅም።

እንግዳን በስጦታ መጥራትም ዛሬ የተጀመረ አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲዱን ፈቃድ ሲሰጡ ለ99 ዓመት ነው የሰጡት። የኢንዶኔዢያ ነገር ያልሆነላቸው ሆላንዶች መጥተው ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት የጀመሩት በ1946 ዓ.ም. ነው፤ እነሱም ባዶ እጃቸውን አልተጠሩም። ታዲያ በነዚያ ጊዜ ስጦታው ፈቃድና መሬት ነበር። ሰውን ራሱን በዋጋ ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ ማስተዋወቅ ግን የኛ ዘመን ጥበብ ይመስለኛል።

ከዓመታት በፊት ውጭ አገር ኤምባሲ ውስጥ ያገለገለ ወዳጅ አለኝ። የትኛው ኤምባሲ እንደሆነ አልናገርም፤ ሰውየው ገና ጡረታውን እየበላ ነው። አንድ ቀን ገርጂ ቁርጥ እየበላን ስለ ሥራው ጠየቅሁት።

«በየሦስት ወሩ ሪፖርት እንልካለን» አለኝ። «ስንት የንግድ ልዑካን ወደ አገር ቤት ላክን፣ ስንት የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፣ ስንት ባለሀብት ፍላጎት አሳየ።»

«ፍላጎት አሳየ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ግብዣችን ላይ ተገኝቶ፣ ሳምቡሳችንን በልቶ፣ ካርዱን የሰጠ ማለት ነው።»

«እሺ፣ ከመጡትስ ስንቱ ሥራ ጀመሩ? ከጀመሩት ስንቱ ከአምስት ዓመት በኋላ አሉ? የቀጠሯቸው ሰዎች በደመወዛቸው ቤት ተከራይተው ይኖራሉ ወይ?»

ሥጋውን አላምጦ እስኪጨርስ ጠበቅሁት። «ቅጹ ላይ የዚያ መሙያ የለም» አለኝ።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይኸው ነው። ቅጹ ላይ መሙያ የለም። አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራው የሚቆጠርለትን ነው። ፈቃድ የሚቆጠርለት ፈቃድ ያድላል፣ ፊርማ የሚቆጠርለት ያስፈርማል። አምባሳደሩ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ስለ ሠራተኛዋ የሚጠይቀው የለም፤ ስለዚህ እሷ በሥራው ውስጥ የምትገባው እንደ ማባበያ ብቻ ነው።

የቁጥር ፍቅር ምን እንደሚያመጣ ጋምቤላ ላይ አይተነዋል። በ2003 ዓ.ም. ካሩቱሪ ከተባለው የህንድ ኩባንያ ጋር በተፈረመው ውል 100,000 ሄክታር መሬት በሄክታር በዓመት 20 ብር ሒሳብ ለ50 ዓመት ተከራይቷል። ሃያ ብር! ያን ጊዜም ቢሆን ቦሌ ላይ አንድ ማኪያቶ ከኬክ ጋር የሚያሟላ ገንዘብ አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. መንግሥት ውሉን ሲያፈርስ ያቀረበው ምክንያት ኩባንያው ያለማው 1,200 ሄክታር ብቻ ነው የሚል ነበር። በርካሽ የተገኘ ነገር አያሳሳም። ያልሳሱለትን ደግሞ ጥሎ መሄድ አይከብድም።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። በነሐሴ 2003 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሼንዘን ሄደው ሁዋጂየን የተባለውን የጫማ ኩባንያ ባለቤት ጋበዙ፤ ገና መንፈቅ ሳይሞላ ከቦሌ ወጣ ብሎ ዱከም ላይ ጫማ መመረት ጀመረ። ይህ ቀልድ አይደለም። አንድ መሪ ሄዶ፣ አንድ ሰው አሳምኖ፣ በወራት ውስጥ የማምረቻ መስመር ሲቆም ማየት ያስደስታል። ኩባንያው ሠራተኞችን ቻይና ድረስ ልኮ አሠልጥኗል፤ ይህም ይመዝገብለት። ከዚያ በኋላ ግን የተሳካው ነገር ሁሉ «ፓርክ ሥሩ» ወደሚል አንድ ትእዛዝ ተቀየረ። የመጀመሪያው የመንግሥት ኢንዱስትሪ ፓርክ እዚሁ እኛው ሰፈር፣ በፊት ጤፍና ስንዴ ይዘራበት በነበረ መሬት፣ ቦሌ ለሚ ላይ ተሠርቶ በ2006 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ ጀመረ። ሃያ ሼድ። ኮሪያዊው፣ ህንዱ፣ ታይዋናዊው ገባ። ሁለተኛው ምዕራፍና ቂሊንጦ በዓለም ባንክ ብድር ተከተሉ። በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቶ ደግሞ «ልዩ የኢኮኖሚ ዞን» የሚል ስም መጥቷል። ስም ማውጣት ላይ ማንም አይደርስብንም።

ለሼዱ ኮንክሪት ታሰበ። ለማሽኑ መብራት ታሰበ። ለጉምሩኩ ቢሮ እዚያው ግቢ ውስጥ ታሰበ። በሺሕ የሚቆጠሩ ሴቶች ልጆች ማታ የት ነው የሚያድሩት ብሎ ግን ማን አሰበ? ለአዳሪው ቤት አልታሰበምና ልጆቹ ጎሮና አራብሳ እየተከማቹ የአንዲት ክፍል ኪራይ ለአራት ይካፈላሉ። የደመወዝ ቀን ሲደርስ ቀድሞ የሚያውቀው አከራዩ ነው።

ያ ቃል የገባሁላችሁ ቁጥር 26 ዶላር ነው። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጡት ሪፖርት ላይ ያለ ነው። የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፣ ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207፣ ቻይና 326። መንግሥት ባለሀብት ለመሳብ ካለው ጉጉት የተነሣ ልብስ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛውን ደመወዝ እንዳስተዋወቀ ሪፖርቱ በግልጽ ይናገራል። ያስተዋወቀው እንግዲህ ባለሀብቱ አይደለም፤ መንግሥት ነው። እንግዳው ገና ዋጋ ሳይጠይቅ እኛ ቀድመን ቅናሽ ተናገርን። ገበያ የምታውቅ እናቴ ይህን ብታይ «ልጄ፣ ገዢ ሳይከራከር ዋጋ የሚቀንስ ሰው ዕቃው የተሰረቀ ነው» ባለች ነበር።

ውጤቱስ? ያው ሪፖርት ሐዋሳ ላይ ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ እንደሚተኩ ያስረዳል። ሙሉ በሙሉ! የምትገባዋ ሠልጥና ሳትጨርስ ትወጣለች። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ «የኢትዮጵያ ሠራተኛ የኢንዱስትሪ ባህል የለውም» ይላል፣ የኛም ባለሥልጣን ራሱን እየነቀነቀ ይስማማል። በአንድ ወር ደመወዝ አንድ ወር መኖር ያልቻለች ልጅ ብትወጣ ባህል የላትም አይባልም። ሒሳብ ታውቃለች ነው የሚባለው።

እንዲህ ስል «አንተ ደግሞ ኮሚኒስት ነህ እንዴ? ኮሪያስ እንዲህ አይደል የጀመረችው? ባንግላዴሽስ?» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ኮሪያን እንይ። ኮሪያ በ1962 እ.ኤ.አ. ኮትራ የተባለውን የንግድ ማስፋፊያ ድርጅት ስታቋቁም በየአገሩ የላከቻቸው ሰዎች የሚሸጡት በኮሪያውያን ፋብሪካ የተሠራ የኮሪያ ዕቃ ነበር። ዝቅተኛ ደመወዝ ነበራቸው፤ ጭቆናም ነበረባቸው፤ እሱን አላሞግስም። ነገር ግን ትርፉ እዚያው አገር ቀርቶ ሌላ ፋብሪካ ወለደ። ባንግላዴሽም ብትሆን በ1979 እ.ኤ.አ. ደሽ የተባለው የአገሬው ኩባንያ ከኮሪያው ዴዉ ጋር ተዋውሎ ወደ 130 የሚጠጉ ሠራተኞቹን ቡሳን ልኮ አሠለጠነ። እነዚያ ሰዎች ተመልሰው አብዛኞቹ ከኩባንያው ወጡና የየራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ ወይም ሌሎችን አቋቋሙ። የዛሬው የባንግላዴሽ ልብስ ኢንዱስትሪ የበቀለው ከዚያ ነው። እስቲ ከቦሌ ለሚ ወጥታ ጎሮ ላይ ሃያ መኪና ተክላ የምትሰፋ ሱፐርቫይዘር አሳዩኝ። ምናልባት ትኖር ይሆናል። ካለችም ባንክ ብድር፣ ጉምሩክ እፎይታ፣ ከንቲባ ሼድ ሰጥቷት አይመስለኝም። እነዚህ ሁሉ የተዘጋጁት በቦሌ በኩል ፓስፖርት አስመትቶ ለሚገባ ሰው ነው።

ርካሽ ሆኖ መጠራት ደግሞ ሌላ ጦስ አለው። የጠራኸው ሰው ከአንተ ጋር የሚያስተሳስረው ዋጋው ብቻ ነው። ዋጋው የተበላሸ ዕለት ይሄዳል። አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያን ከአጎዋ ልታስወጣ መሆኗን በጥቅምት 2014 ዓ.ም. አስታወቀች፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ተፈጻሚ ሆነ። ከቀረጥ ነፃ የነበረው ሸሚዝ ባንድ ሌሊት ቀረጥ ተጫነበት። የሐዋሳው ፓርክ ትልቁ ስም የነበረው ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ግን ያን ቀን እንኳ አልጠበቀም፤ ኅዳር ላይ እንደሚዘጋ ተናገረ። የቦሌ ለሚ ፋብሪካዎችም ትእዛዝ ሲቀንስባቸው ሠራተኛ ቀንሰዋል። የሰርቪስ ጥበቃው ሰልፍ እንደሳሳ ሻይ ሻጯ ነግራኛለች፤ እሷ ያን ዓመት በፓስቲ ብዛት ነው የምታስታውሰው።

በዚያን ጊዜ የሆነ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። እገዳው ከመታወጁ በፊት፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ የአገሪቱ ዋና የንግድ ተደራዳሪ የነበሩት አቶ ማሞ ምሕረቱ በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ጽሑፍ አወጡ። አጎዋን አትንጠቁን፣ የምትጎዱት ድሆችን፣ በተለይም ሴቶችን ነው የሚል ነበር። ትክክል ነበሩ። ክርክሩም በአግባቡ የቀረበ ነበር። ግን እስቲ አስቡት። ስንሸጣት «ተወዳዳሪ ዋጋ ያላት የሰው ኃይል» ነበረች። ልመና ላይ ስንወድቅ «ቤተሰብ የምታስተዳድር ድኃ ሴት» ሆነች። ለዓመታት በፎልደር ላይ ፈገግ ስትል የኖረችው ልጅ፣ ቤተሰብ እንዳላት ዋሽንግተን የሰማችው ልትባረር ስትል ነው። ቤተሰብ ካላት ደመወዟ ሲወሰንስ ለምን አልታሰበም? ጦርነቱን እሷ አልጀመረችም። ዲፕሎማሲውን እሷ አላበላሸችም። ሒሳቡ ሲመጣ ግን ከሁሉ ቀድሞ ለእሷ ቀረበ።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲተመን ተወሰነ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር አለፈ። የምጣኔ ሀብት ሰዎች ለምን አስፈለገ የሚለውን በሰፊው አስረድተውናል፤ ብዙውን ተቀብያለሁ። በዚያ ማለዳ ግን አንድ ነገር ሳይነገር ታለፈ። የልጅቷ ደመወዝ በብር ያው ነው፤ በዶላር ሲሰላ ከግማሽ በታች ወረደ። የዘይቱ፣ የታክሲው፣ የኪራዩ ዋጋ በአንጻሩ ወደ ላይ ሄደ። ማለትም እሷ ስትተኛ ይበልጥ ረከሰች። ፎልደር አዘጋጆቹ አዲስ እትም ሲያሳትሙ ቁጥሩን አሻሽለው «አሁን ደግሞ ይበልጥ ተወዳዳሪ ነን» እንደማይሉ በምን አውቃለሁ?

ለመሆኑ ከዚህ የተለየ የንግድ ዲፕሎማሲ አናውቅም? እናውቃለን እንጂ! እኛው ራሳችን አድርገነዋል። በ1997 ዓ.ም. በአቶ ጌታቸው መንግሥቴ ይመራ የነበረው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉት የቡና ስሞች የኢትዮጵያ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ ለአሜሪካ መሥሪያ ቤት አመለከተ። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስም እሺ አላለም። ትንሽ መሥሪያ ቤት፣ ትልቅ ጠብ። ኦክስፋም በዘመቻ አገዘ፤ ጠበቆች፣ ዲፕሎማቶች፣ የቡና ማኅበራት ተረባረቡ። በ1999 ዓ.ም. ስታርባክስ የስሞቹን ባለቤትነት ዐውቆ ስምምነት ፈረመ።

ያ ጽሕፈት ቤት አሜሪካኖቹን «ቡናችን ርካሽ ነው፣ ኑልን» አላላቸውም። «ይህ ስም የገበሬዎቻችን ነው፣ ስሙን ስትጠሩ ዋጋውን አስቡ» ነው ያላቸው። ገበሬው በዚህ ሀብታም ሆነ አልልም፤ አልሆነም። ክርክሩ ግን ወደ ላይ ነበር። ያው የኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዚያው ዘመን፣ ለቡናው ዋጋ ሲሟገት ለሰው ጉልበት ቅናሽ ያውጃል። የሲዳሞ ቡና የታገለለትን ያህል ለሲዳሞ ልጅ የታገለ የለም ብል አጋነንክ ትሉኝ ይሆን?

አንዳንዱ ነገር አዲስ ሕግ እንኳ አይፈልግም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ በደንብ እንደሚቋቋም ይናገራል። አዋጁ ከወጣ ዓመታት ተቆጠሩ። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ በየዓመቱ በሜይ ዴይ የደመወዝ ወለል ይወሰን ይላል፤ ባለሥልጣኑ በመድረክ ላይ «እየተጠና ነው» ይላል፤ ጭብጨባ ይሆናል፤ ለስላሳ ይጠጣል። ለውጭ ባለሀብት ሲሆን ግን እጃችን ፈጣን ነው። በዚያው ባለፉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በመመሪያ ተከፍቷል፣ ባንኩ በአዋጅ ተከፍቷል፣ የፓርኮች ሕግ ተሽሮ የዞን ሕግ ወጥቷል። እሰየው። የፈጠነው እጅ ደመወዙ ጋ ሲደርስ የሚደነዝዘው ለምንድን ነው?

«ወለል ካስቀመጥን ባለሀብቱ ይሸሻል» የሚለውን ፍርሃት አውቀዋለሁ። ፍርሃቱ ባዶ አይደለም፤ ሰው ሥራ አጥቶ ከሚቀመጥ ጥቂትም ቢያገኝ ይሻላል የሚል ሰው በቅን ልቡ የሚናገርበት ጊዜ አለ። ግን ያነጋገርኋቸው የፋብሪካ ሰዎች አምርረው የሚያማርሩት ስለ ደመወዝ አይደለም። ጅቡቲ ላይ ስለሚቆም ኮንቴይነር፣ ስለሚጠፋ መብራት፣ ክር ማስመጫ ዶላር ስለማጣት ነው። እነዚህን ማስተካከል የመንግሥት ሥራ ነው። ይህን ሁሉ ሳናስተካክል ቀርተን ለጉድለታችን ማካካሻ ያቀረብነው የልጅቷን ደመወዝ ነው። የወደቡን መዘግየት እሷ ከኪሷ ትከፍላለች። የመብራቱን መጥፋት እሷ ከምሳዋ ትከፍላለች።

አንዳንድ ጊዜ የሚመጡት እንግዶች ምን አይተው እንደሚሄዱ አስባለሁ። ከቦሌ ይወጣሉ፤ ቀይ ምንጣፍ፣ አበባ። የኮሪደር ልማቱ መንገዱን አሳምሮታል፤ መብራቱ፣ የእግረኛ መንገዱ ደስ ይላል፣ እኔም ማታ እዚያ መንሸራሸር እወዳለሁ። ሆቴላቸው ሩቅ አይደለም። ፓርኩን ቢጎበኙ እንኳ በጥቁር መስተዋት መኪና ሄደው ሼድ ውስጥ ገብተው፣ የተሰለፉ የስፌት መኪናዎች አይተው ይመለሳሉ። ጎሮ ላይ አይወርዱም። አስጎብኚውም እንዲወርዱ አይፈልግም፤ ሪፖርቱ ውስጥ አይገባለትማ።

ክቡር ሚኒስትር፣ ክቡር ኮሚሽነር፣ ክቡራን አምባሳደሮች፤ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ያ ቅጽ ላይ አንድ መሙያ ጨምሩበት። «ባመጣነው ፋብሪካ የምትሠራ ሴት ከደመወዟ ላይ ኪራይ ከፍላ ስንት ይቀራታል?» የሚል። በየሦስት ወሩ ሙሉት። ያቺ ልጅ ለእኔ ቁጥሩን ነግራኛለች፣ ለእናንተም አትደብቅም፤ ጋዜጣ ላይ እንዳታወጡባት ብቻ ነው የምትለምናችሁ።

እንዴት እንደምታገኟት ከጠየቃችሁ፣ ከቦሌ ቪአይፒ መውጫ እስከ ጎሮ በዚያ ሰዓት መንገዱ ጭር ያለ ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል በፊት ድረሱ፣ ሰርቪሱ አይጠብቅም። መኪናችሁን ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ጥቁር መስተዋት ካዩ ይበተናሉ። ሻይውን እኔ እጋብዛለሁ። ፓስቲውን ግን ለሁለት ነው የምንካፈለው፤ እኔም ሐኪም አለብኝ።